ጥለቱ ወደ አንገት

ሰቆጣ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርዳታ» ተብያለሁ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ፣ የክርስትና ስምም አለኝ፤ ግን ውሃ ልቀዳ ስወርድ «እርዳታ መጣች»፣ ገበያ ስወጣ «እርዳታ፣ በርበሬው ስንት ሆነ?» ነበር የምባለው። ይህን ስም ያወጣችልኝን ሴት እስከ ዛሬ በልቤ እንደያዝኳት አልክድም። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። «ይቅር በያት» ይሉኛል። «እሺ አባ» እላለሁ፤ ከግቢያቸው ሳልወጣ መልሼ አስታውሳታለሁ። ይህን የምጽፈው ይቅር ብያት አይደለም። እንዴት እንደተበቀልኳት በሰው አፍ ሲወራ ተበላሽቶ ሰማሁት፤ ከሚበላሽ እኔው ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከብርድ ነው። የተወለድኩት ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ነው። እዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሲወጡ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል፤ ውርጭ ነው። ሰው ሁሉ ይጠቀለላል። እንግዳ ቢያየን ሁላችንም አንድ ጥቅልል ነን፤ እኛ ግን በአጠቃለል እንተዋወቃለን። ጋቢውን እስከ ዓይኑ የሚያደርሰው ኩሩው ነው። ነፋስ እያለ አንድ ትከሻውን የሚያራቁተው ሚስት የሚፈልገው ጎረምሳ ነው። ጋቢዋን በመቀነት ጠፍራ የምትሄደው ሥራ የማይበርድባት ሴት ናት። ሐዘን የደረሰበት ደግሞ ከሁሉም ይለያል፤ ልብሱን ያዘቀዝቃል። በደህና ቀን ወደ እግር የሚወርደው ባለቀለሙ ጥለት ሰው ሲሞት ይገለበጥና አንገት ላይ ይወጣል። «ማን ሞተባችሁ?» ብሎ እስኪጠይቅ የሚቆይ የለም። ከወንዝ ማዶ ጥለቱን አንገት ላይ ያየ፣ እዚያው ማልቀስ ይጀምራል።

አባቴ ሲሞት እኔና እናቴ ሰቆጣ ወረድን። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ጋቢም ኮትም አልነበረኝም። የነበረን በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለእናቴ ከመጠለያ የተሰጣት አመድማ ብርድ ልብስ ነው። ጠርዙ ላይ አንድ ቀይ መስመር ነበረው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ በጥቁር ቀለም የታተመ የፈረንጅ ፊደል።

«ቁረጪው» አለችኝ እናቴ። እኔ ፈርቼ ስቆም «ቁረጪው እንጂ፣ ምን ታፈጪብኛለሽ? እኔ እሳት ዳር እተኛለሁ። አንቺ ነሽ ሰው ፊት የምትቆሚው» አለች። ቀጥላም «ቀዩን መስመር ብቻ ወደ ታች አድርጊው። ጥለት መሬት ሲያይ ነው የሚያምር። አንገትሽ ላይ ካወጣሽው እኔን ገደልሽኝ ማለት ነው» አለች።

በጆንያ መስፊያ ወስፌ ሳምንት ሙሉ ሰፋሁት። ወገቡን አጥብቄ ታቹን አሰፋሁት፤ አንገትጌውን ትልቅ አደረግሁት፤ ሁለት ኪስ አወጣሁለት፤ ቀዩ መስመር በታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን ዞረ። የታተመውን ፊደል ወደ ውስጥ አጥፌ ደበቅሁት። ለብሼው ስቆም እናቴ ዞር ዞር እያለች አየችኝና «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አለች። ከዚያ በኋላ ማንም እንደዚያ አሞግሶኝ አያውቅም።

በጥምቀት ዕለት ጠዋት ለብሼው ወጣሁ። ታቦቱ ካደረበት ቦታ ላይ ብርዱ የሰውን ትንፋሽ ያጨሰዋል። ልጃገረዶቹ ከበቡኝ፤ አንዷ ኪሴ ውስጥ እጇን ከታ «ይሞቃል!» አለች። በዚህ መሀል ነው ሴትዮዋ የመጣችው።

በዚያን ጊዜ ሰልባጅ የምትሸጥ እሷ ብቻ ነበረች። ቦንዳው ሲፈታ ከሁሉ በፊት ለራሷ ትመርጣለች። ያን ዕለት አንገቱ ላይ የአውሬ ጠጉር ያለው ቡናማ ኮት ለብሳለች። ከተማው ውስጥ ኮት የለበሰች ሴት ካለች፣ ከእሷ እጅ የገዛች መሆን ነበረባት። እኔን ስታይ ቆመች።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። ይሄን ከማን ገዛሽው?»

«ራሴ ነኝ የሰፋሁት፣ እትዬ።»

«ራሷ!» ብላ ጎንበስ አለችና ጠርዙን ገለበጠችው። የደበቅሁት ፊደል ወጣ። አጠገቧ የቆመችው እኩያዬ የሆነች ልጇ ነበረች፤ አንድ ክፍል ነበርን። «አንብቢው እስቲ፣ ምን ይላል?» አለቻት። ልጅቱ እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ፊደል በፊደል እየጎተተች አነበበች። «አይሸጥም ነው የሚል፣ እማዬ።»

«ኧረ ኑ እዩ! እርዳታ ናት እኮ! አንቺ፣ ስንዴውን የት አደረስሽው? ዘይቱስ?» ሰው ሳቀ። የሰው ሳቅ ደስ ሲላት ጊዜ ጨመረች። «አይሸጥም ይላል፤ ሰማችሁ? ይቺ ልጅ አትሸጥም! ወንድ ልጅ ያላችሁ፣ አትድከሙ!»

የሳቁት ሰዎች ለቀኑ ነው የሳቁት። ስሙ ግን ቀረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሽማግሌ ሊልክብን ያሰበ ቤተሰብ ነበር። የልጁ አክስት «ያቺ እርዳታ የሚሏት?» ብላ ጠየቀች አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ ቀሩ። ኮቱን ከጥምቀቱ በኋላ አንድም ቀን አልለበስኩትም። እናቴ ወስዳ መልሳ ተኛችበት። «እጅጌ ያለው ብርድ ልብስ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ትለኝ ነበር፣ ላስቅ ብላ። እኔ ግን ፊደሉ ያለበትን ጥግ በምላጭ ቆርጬ አወጣሁትና በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም። የሚያስፈልገኝ ቀን እንደሚመጣ ብቻ አውቅ ነበር።

ትምህርቱን ከዚያ ዓመት አላለፍኩም። ቀሪውን ራሴን አስተማርኩ፤ ማንበብ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ስፌት ደግሞ ከአሮጌ ልብስ። የተቀደደ ኮት ካገኘሁ ክሩን ፈትቼ አካሉን መሬት ላይ እዘረጋዋለሁ። እጅጌ እንዴት ትከሻ ውስጥ እንደሚገባ ያስተማረኝ የአንድ የሞተ ወታደር ካፖርት ነው።

ኋላ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አገኘሁ። የሰቆጣ ዙሪያ ሰው ናቸው፤ አያ እላቸው ነበር። ሲሸጡ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኽምጣና ነው የሚናገሩት። ባና ይሠሩ ነበር፤ ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሸመን ወፍራም ልብስ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ለመደረቢያና ለመኝታ ነው። እኔ ቆረጥኩት። ከጉልበት በታች የሚወርድ፣ እጅ ማውጫ ያለው፣ ከአንገት እስከ ደረት በቀንድ ቁልፍ የሚዘጋ ካባ አወጣሁበት። ጥለቱን አያ ለብቻው ይሸምኑልኛል፣ እኔ ታችኛው ጠርዝ ላይ እሰፋዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ካባዎች የለበሱት አስተማሪዎች ናቸው። አንደኛው በውስጥ በኩል የመጽሐፍ ኪስ አሠራ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ ነጭ በግ ካልሆነ አልለብስም ብላ አንድ ወር ጠበቀች። ከአበርገሌ ቆላ ለፍርድ ቤት ጉዳይ የመጣች አራስ ደግሞ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ «ሁለት ሰው የሚገባበት ስፊልኝ» አለችኝ፤ ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ የምትዘጋው ሰፋሁላት፤ ስትሄድ ከቁልፉ መሀል የልጁ ጭንቅላት ብቻ ይታይ ነበር። እናንተዬ፣ ብርድ ሰውን አንድ ዓይነት ያደርጋል የሚለው ውሸት ነው። ሙቀት ላይ ሁሉም ሰው ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። ሰው እሱነቱን የሚያወጣው ሲበርደው ነው።

ሥራዬ በከተማው ታወቀ። ታዲያ ምን ተብሎ? «የእርዳታ ካባ» ተብሎ። «የት አሰፋሽው?» «እርዳታ ጋ።» የሚወዱኝ ሰዎችም እንደዚያው ነበር የሚሉት፤ ሌላውን ስሜን የሚያውቅ አልነበረማ። በእጄ ያን ያህል የደከምኩበትን ነገር እሷ ባወጣችው ስም ሲጠሩት፣ መርፌው ጣቴን የወጋኝ ያህል ነበር የሚሰማኝ።

አሥራ ሁለተኛው ዓመት ላይ ሴትዮዋ መጣች።

ሞባይል ከተማችን በገባ ሰሞን ነው። ሰልባጁን አሁን ብዙ ሰው ይሸጠዋል፤ ያ ባለ ጠጉር ኮቷም ተመልጧል። ያቺ ፊደል ያነበበችው ልጇ አረብ አገር ሠራተኛ ሆና ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። ታላቁን ወንድ ልጇን ደግሞ በጥር ልትድር ነው። የመስፊያ ቤቴ በር ላይ ቆመችና ተንጠልጥለው ያሉትን ካባዎች በዓይኗ ለቀመቻቸው።

«እርዳታ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ።

እኔ ተነስቼ ጎንበስ አልኩ። «ደህና ነኝ፣ እትዬ። ይግቡ።»

«ለሰርጉ ካባ ትሠሪልኛለሽ። ጥቁር። ከጥቁር በግ፣ ቀለም የገባበት እንዳይሆን። ፎቶ አንሺ አስመጣለሁ፤ ለልጄ እልክላታለሁ። አረብ አገር ሆና እናቷን ትይ።» ቀጥላ አንዱን ካባ አወረደችና ጥለቱን ነካ ነካ አደረገች። «ይሄ ግን ምን እግር ሥር ጣለው? ፎቶ አንሺው ከወገብ በላይ ነው የሚያነሳው። ማን ያየዋል? ጥለቱን እዚህ፣ አንገቴ ዙሪያ አድርጊልኝ። ሰፋ ይበል።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መርፌው ከእጄ ወደቀ። ነጠላ ቢሆን ኖሮ እሷም በእንቅልፏ አትሳሳትም ነበር። የሐዘን አለባበስ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ግን ካባው በዓይኗ ኮት ነው፤ ኮት ደግሞ አይዘቀዘቅም። ሐሳቧ ያለው ፎቶው ውስጥ ነው። እኔ ግን በአንዴ ታየኝ፤ ጥቁር የበግ ጠጉር፣ ከላይ አንገት ላይ የወጣ ጥለት። ከሩቅ ላየው ሰው ማቅ የለበሰች እናት ናት።

አንድ ነገር በልቤ ተናገርኩ። «ስሜን ከጠራችኝ እነግራታለሁ።» ቁመቷን ስለካ ጠበቅሁ። ትከሻዋን ስለካ ጠበቅሁ። ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ዞረች።

«እንዳታዘገዪብኝ፣ እርዳታ» አለችኝ።

«አላዘገይም፣ እትዬ።»

ጥቁሩን ባና ለማዘዝ አያ ጋ ስሄድ ጥለቱ የት እንደሚሰፋ ነገርኳቸው። መወርወሪያውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ የልቅሶ ልብስ ነው። ለሰርግ ነው ያልሽኝ።»

«እንደዚያ አርጊ ያለችው ራሷ ናት፣ አያ።»

«ነገርሻት?»

«እርስዎ እንደፈለጉት ነው የምሠራው አልኳት።»

በኽምጣና ረዥም ነገር ተናገሩ። ያልገባኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ ገብቶኝ ነበር። ቢሆንም ሸመኑልኝ። እጅግ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ ከሠራኋቸው ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው። የተበላሸ ሥራ ብሰጣት ጥፋቱ የእኔ ይሆን ነበር። ያለ እንከን ሠርቼ ያለችውን ሰጠኋት።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ውርጩ ገና ከዳሱ ሸራ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሙሽራው ሙሽሪትን ለማምጣት ሄዷል። እኔም እንደ ጎረቤት ተጠርቼ፣ አመድማ ካባዬን ለብሼ፣ ጥለቱ እግሬ ላይ፣ ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ ቆምኩ። አያም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። እሷ ዳሱ አፍ ላይ ወንበር ላይ ናት፤ ፎቶ አንሺው «ቀና ይበሉ እናቴ፣ ትንሽ ፈገግ» ይላታል። አምሮባት ነበር፤ ይህን አልደብቅም፤ ከቅርብ ላያት ሰው ውድ ኮት ነው።

ከደጋው የወረዱ ዘመዶቿ በዚህ ጊዜ ደረሱ። ሰባት ይሆናሉ፣ ሁሉም ሴቶች፣ እንስራና መሶብ ተሸክመው እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው። ፊት ፊት የምትመጣው አሮጊት ከመንገዱ ላይ ቀጥ አለች። አየች። መሶቧን ዝቅ አድርጋ መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። የቀሩትም አንድ በአንድ አዘቀዘቁ። አረብ አገር ልጅ እንዳላት ሁሉም ያውቃል፤ ከዚያ አገር መርዶ የመጣበትን ቤት ሁሉም ያውቃል። ልጅቱ ሞታ፣ የተደገሰ ሰርግ አይመለስም ተብሎ፣ እናት ሐዘኗን በልብሷ ይዛ የተቀመጠች መሰላቸው።

«ዋይ እህቴን! ዋይ አንቺን!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ገቡ።

እሷ ደግሞ ምን አየች? ነጠላ አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወደ እሷ የሚመጡ ዘመዶች። እንደዚያ ሆኖ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ከወንበሯ ተነሳች። «ልጄን! ልጄን ምን አገኛት? ንገሩኝ!» ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ነገሩ ተረጋገጠላቸውና ባሰባቸው። የእነሱ ልቅሶ ሲብስ ለእሷም ተረጋገጠላት። ዘፈኑ ቆመ። ዳሱ ሙሉ ሰው ተነስቶ ማልቀስ ጀመረ።

በዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ማንም እንዳልሞተ የምናውቀው እኔና አያ ብቻ ነበርን። አያ አዩኝ። «ሂጂ» የሚል ዓይን ነው። እኔ ግን አልሄድኩም። እስከ አሥራ ሁለት ልቁጠር አልኩ፤ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ። ቀስ ብዬ ነው የቆጠርኩት። አንድ ስል ጥምቀቱ ትዝ አለኝ፤ ሦስት ስል ሽማግሌ ያልላኩት ሰዎች። ስምንት ላይ ወደቀች። ዘጠኝ አልኩ። እንደዚያ ነው ያደረግሁት፤ መሬት ላይ ወድቃ እያየኋት ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ ብያለሁ።

አሥራ ሁለት ሲሞላ ሰውን በክርኔ እየገፋሁ ገባሁና ተንበርክኬ የአንገቷን ቁልፍ ፈታሁት፤ ትንፋሽ አጥሯት ነበር። ዓይኗን ገለጠች። እጄን ያዘችኝና ስሜን ጠራችኝ። እርዳታ አላለችም። ስሜን፣ እናቴ ያወጣችልኝን፣ ከነአባቴ ስም ጠራችኝና «ልጄ ሞተችብኝ?» አለችኝ።

ታውቀው ኖሯል! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቀው ኖሯል። እኔ እኮ አታውቀውም ብዬ ግማሹን ልምራት ዳድቶኝ ነበር።

«ማንም አልሞተም» አልኳት። «ልብስዎ ነው።» ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሁሉም «ጥለቱ ነው! አንገቷ ላይ ያለው ጥለት ነው ያሳሳታችሁ! መርዶ የለም!» አልኩ።

ማን ያምናል? የሙሽራው ወንድም ወደ አረብ አገር ሲደውል፣ መስመሩ ሲቋረጥ፣ ሲደውል፣ ዳሱ በሙሉ ስልኩን ከቦ ቆመ። በመጨረሻ ስልኩን እናቱ ጆሮ ላይ አደረገው። እኔ አጠገቧ ስለነበርኩ ድምፁ ይሰማኛል፤ ያ ፊደል እየጎተተ ያነበበው ድምፅ ነው። «እማዬ! ሙሽራዋ ገባች? ካባሽን ለበስሽው?»

ልቅሶው እልልታ ሆነ። ከእልልታው በኋላ የመጣው ግን ሳቅ ነው። መሶቧን ያስቀመጠችው አሮጊት ናት የጀመረችው፤ «ለሰርግ ጠርታ በማቅ ትቀበለናለች?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። የሰቆጣ ሰው ደግሞ ሲስቅ ስም ሳያወጣ አይተኛም። ሙሽሪት እስክትገባ ድረስ ወጥቶላት ነበር። «መርዶ» አሏት። ገበያ ስትወጣ «መርዶ መጣች፣ ጥለታችሁን እዩ!» ይላሉ። እኔ አላወጣሁም። ሲሏት ግን ሰምቼ ተዉ ብዬ አላውቅም፤ ለእኔ ተዉ ያለ ማን ነበረና?

የካቲት ሲገባ ካባውን በፌስታል ይዛ መጣች። ሳትጠየቅ ተቀመጠች።

«አዙሪልኝ» አለችኝ። «ወደ ታች።»

ክሩን መፍታት ጀመርኩ። ግማሹን ስፈታ «ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ነበር ብትነግሪኝ?»

«እርስዎ ያዘዙት እርዳታን ነው፣ እትዬ። እርዳታ ስንዴ ነው የምትሰጠው፤ ምክር አትሰጥም።»

እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መርፌዬን ታያለች። አርጅታለች፤ ጣቶቿ ብርድ የሰነጠቃቸው ናቸው። ልጇ ሞተች ብላ የጮኸችው ጩኸት ዛሬም አንዳንድ ቀን ይሰማኛል፤ ለዚያ ጩኸት ንስሐ ገብቻለሁ። ለቀረው አልገባሁም። «ይቅር በይኝ» ብትለኝ ምን እንደምላት አላውቅም። አላለችኝም። ስሜንም ደግማ አልጠራችኝም።

«ነገ ይምጡ፣ ይደርሳል» አልኳት።

ስትወጣ የሻይ ቅጠሉን ቆርቆሮ አወረድኩ። ያቺ አመድማ ጨርቅ እዚያው ነበረች፤ ፊደሉ ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። የካባውን ታችኛ ጠርዝ በሰፊው አጠፍኩት፤ ጨርቋን እጥፋቱ ውስጥ ከተትኩና ላዩ ላይ ቀዩን ጥለት ሰፋሁበት። ስፌቴ ጥብቅ ነው፤ ምላጭ ካልገባ አይፈታም። በማግስቱ ለብሳ ዞር ዞር ስትል አየኋትና «ያምርብዎታል» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጥምቀት በመጣ ቁጥር ትለብሰዋለች። ጥቁር ነው፣ ይሞቃል፣ ጥለቱ መሬት ያያል። በሰው መሀል ስታልፍ ጠርዙ ቁርጭምጭሚቷን ይመታታል። እኔ ከወደ ኋላ ቆሜ ያንን ጠርዝ ነው የማየው። አይሸጥም ይላል።